ሦስት ነጥብ አምስት

ሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ሞጣ ጭቃ ለብሳ፣
አትጠገብ ገባች፣ ከጃንጥላዋ ላይ ዝናቡን ነስንሳ።
ከጤና ጣቢያው ነች፤ አዋላጅ ነች።
አራት የባትሪ ድንጋይ ባንኮኒዬ ላይ ደረደረች።
አዲስ ናቸው፤ ሮዝ ልጣጭ ለብሰዋል፣
«ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ» ብለው በገዛ ገላቸው ምለዋል።

«ፈትሽልኝ» አለች። «ባለፈው ሳምንት
መብራቱ ከድቶኝ በእኩለ ሌሊት፣
ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣ እጄ ደም እንደሆነ፣
ልጁ ወጣልኝ፤ ስልኩም ወዲያው መነነ።
ጨለማስ ቁርጥ ነው፣ ዳብሼ እሠራለሁ፤
አለሁ ብሎ የሚከዳውን መብራት ግን እፈራለሁ።»

መጀመሪያ መዘንኩ።
ከጎረቤቴ ከይታክቱ፣ ኮረሪማ ኮረሪማ የሚሸት
የቅመም ሚዛን ተዋስኩ፤ አንዱ አርባ አምስት፣
ሁለተኛው አርባ አምስት፤
ሦስተኛው ሃያ ስምንት፣ አራተኛውም ሃያ ስምንት።
ይታክቱ ሳቀች፤ «ይኼ በበርበሬ ቢሆን
ለሽማግሌ ነበር የሚያስቀርብህ ያንተን ሻጭ፣ ወየውለት እሱን!»

ቀላሉን ላጥኩት። ከሮዙ ሥር ሌላ ሮዝ፣
ከሌላው ሥር ቆርቆሮ፤ ቆርቆሮው ሲከፈት
ጣቴን የማታህል አንዲት ሴል፣ ዙሪያዋን ደቃቅ አሸዋ ሞልቶበት።
ቅኔ ቤት የከረመው ወንድሜ አጠገቤ ቢኖር፣
«ሰሙ ዘጠኝ ሺህ፣ ወርቁ አሸዋ» ብሎ ይዘርፍ ነበር።
እኔ የታየኝ ግን ነጋዴው ከእሷ የዘረፈው ብር።
አባቴ «የባትሪ ድንጋይ» ሲል ስሙን ወረስኩ እንጂ፣
እውነተኛ ድንጋይ ተፈጭቶ ይወጣዋል ብዬስ አልጠበቅሁም።

የቀሩትን ሁለት በቴስተር ነካሁ፤
ቀዩን ሽቦ ከአናት፣ ጥቁሩን ከሥር አስጠጋሁ።
ሦስት ነጥብ ስድስት። ያኛውም ሦስት ነጥብ ስድስት።
እኩዮች ናቸው፤ በአንድ ባትሪ ሆድ ተስማምተው ያድራሉ።

መብራት ኃይል ግን የራሱ ቀጠሮ አለው፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው ቻርጀሩ ቀይ ዓይኑን የገለጠው።
ይህ ሊቲየም የሚሉት ዘር ቢርበው ያኮርፋል፣ ቢጠግብ ቤት ያነዳል፤
አራት ነጥብ ሁለት ሲደርስ «በቃህ» የሚለው ሰው ይፈልጋል።
ስለዚህ አልተኛሁም። በሸክላ ሳህን አስቀምጬ፣ ፍራሼን ገለል አድርጌ፣
እንደ ታመመ ልጅ ግንባር መዳፌን በየጊዜው አሳርፌ፣
ለብ ይላሉ፣ አይፈጁም፣ እያልኩ
ጣራውን ከሚወቅጠው ዝናብ ጋር አመሸሁ፣ አነጋሁ።
ጎህ ሊቀድ ሲል ቀዩ አረንጓዴ ሆነ።

አሁንም አላመንኩም።
መስኮቱን በጆንያ ደፍኜ ግድግዳው ላይ አበራሁ፤
ሰዓቴን አውልቄ ከፊቴ አስቀመጥኩ።
ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ከዚያ ብርሃኑ ቀላ፣ አንገቱን ደፋ።
እንደገና ሞላሁላት፤ የልጣጩን ውሸት በፕላስተር ሸፍኜ
በእስክሪብቶ ጻፍኩ፦ «ሦስት ሰዓት ተኩል። ከዚህ በላይ አትመኚው።»

ሐሙስ ማታ ከማዶው ተረተር ላይ
ነጭ ብርሃን አየሁ፤ የአምፖል አይደለም፣ የኩራዝ አይደለም።
በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ።
አንድ ሰዓት። ሁለት።
ሦስተኛው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው
ድርግም።
ገና ነበረው እኮ!
አጠፋችው? ወይስ ጠፋባት?
ሚዛኑን፣ ቴስተሩን፣ ሰዓቴን፣ ሁሉንም በልቤ ከሰስኩ፤
ውሻ ጮኸ፣ ዝናብ መጣ፣ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም።

በነጋታው እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣
ባትሪውን አስቀመጠችና «ሙላልኝ» ብላ
አግዳሚው ላይ፣ ጃንጥላዋን እንዳቀፈች፣ እንቅልፍ ወሰዳት።
እንዴት ነበር ብዬ አልቀሰቀስኳትም።
ክዳኑን ፈታሁ። ቀዩን ከአናት፣ ጥቁሩን ከሥር።
ሦስት ነጥብ አምስት።

አልሞተም ነበር።
በእጇ ነው ያጠፋችው።

ሁለቱንም ቻርጀሩ ላይ አስተኛኋቸው፤
መብራት ግን አልነበረም።